ማዞሪያዬን መልሱልኝ

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ጣርማ በር ላይ ጉም ያዘኝ። ከፊቴ አይሱዙ፣ ከጎኔ ገደል። ልክ በዚያ ሰዓት ቴፑ ጮኸ። የድሮዋ መኪናዬ ብትሆን እጄን ሰድጄ ክቧን የድምፅ ማዞሪያ መለስ ማድረግ ብቻ ነበር፤ ዐይኔ ከመንገዱ አይነቀልም። አሁን ሁሉም ነገር ስክሪን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ከካርታው መውጣት፣ ከዚያ ሙዚቃውን መክፈት፣ ከዚያ ያቺን ቀጭን መስመር በጣት መጎተት። መኪናው ሲንገጫገጭ ደግሞ ጣቴ ሌላ ቦታ ያርፍና ጭራሽ ዘፈኑ ይቀየራል። በደብረ ብርሃን ብርድ ጓንት ካደረጋችሁማ ስክሪኑ ጨርሶ አይሰማችሁም።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ስክሪኑን ለ2 ሰከንድ ብቻ ብታዩ 33 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። 33 ሜትር በጭፍን! እዚያ ቁልቁለት ላይ 3 ሜትርም ብዙ ነው።

መሪያቸው ላይ የድምፅ ቁልፍ ያላቸው መኪኖች ይሻላሉ፤ የእኔ የላትም። ስክሪኑ ይኑር፣ ለካርታና ለኋላ ካሜራ ይጠቅማል። ግን አንዲት ማዞሪያ መኪና ሠሪዎቹን ምን ታስወጣቸዋለች? ባለቤቴ አብራኝ ስትሆን እሷ ትቀንስልኛለች። ብቻዬን ከሆንኩ ቴፑን ደብረ ብርሃን ላይ አጥፍቼ ነው የምወርደው።