አበባ ያድናል፤ ግን የትኛው፣ ምን ያህል፣ ለማን?

አበባ ፈዋሽ ነው የሚሉ አጫጭር ቪዲዮዎች ስልካችንን ሞልተውታል። አንዱ ጽጌረዳ ለልብ ይላል፣ ሌላው ለጭንቀት ቢጫ አበባ ያዝዛል፣ ሦስተኛው «የሆድን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል» ብሎ ኮሶ ያስጠጣል። መጠኑን የሚናገር የለም። ከአበባው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ማን መጠጣት እንደሌለበት የሚናገርም የለም። ጎንደሬን በኮሶ ማታለል ግን አይገባም ነበር።

ኮሶ አበባ መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ዛፉ የደጋ ነው፤ በሰሜን ተራሮች አካባቢ ይበቅላል፣ እስከ 20 ሜትር ይረዝማል። ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ዛፍ ናቸው። መድኃኒት የሚሆነው ከሴቴው ዛፍ ላይ የሚንዠረገገው ቀላ ያለ ዘለላ ነው። ተቀጥፎ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ተዘፍዝፎ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል ያደነዝዘዋል፣ ሆድም ሲሄድ ትሉ አብሮ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ይህንን ዛፍ መዘገበ፤ በኋላም ሥዕሉን አሳተመ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእኛው ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

በትርጉም ረገድ ግን ኮሶ መራራ ዕጣ ነው የደረሰው። ቋራ የወለደቻቸውን ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር፤ ኮሶ መሸጥ የድህነት ምልክት ነበርና። ኮሶ ሻጯ ግን ለባለጸጋውም ለድኃውም እኩል የምታስፈልግ ሴት ነበረች፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ ደጇን ይረግጣል። ስድቡ መከበሪያ መሆን ነበረበት እንላለን።

መከበሩ ሌላ፣ ዛሬ መጠጣቱ ሌላ ነው። የኮሶ ችግር በእፍኝ መለካቱ ነው። የአውሮፓ መድኃኒተኞች 15 ግራም ገደማ እየመዘኑ ይሰጡ ነበር፤ እፍኝ ግን እንደ እጁ ይለያያል። ከዚያም በላይ አበባው ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። ያረጀውን የጠጣ ሰው ትሉ አልወጣለትም ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል፤ ያ ግን አዲስ የደረቀ ከሆነ መጠኑ ከልክ ያልፋል። የሚከተለው ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ፣ ራስ መሳት፣ ሲብስም የዓይን ብርሃን መጥፋት ነው። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ያስወርዳል። መጠኑ አንሶ የትሉ ራስ ሆድ ውስጥ ከቀረ ደግሞ በሁለት ሦስት ወር መልሶ ያድጋል። ቀድሞ ሰው በየሁለት ወሩ የሚጠጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ዛሬ ሐኪም በሕመምተኛው ክብደት ለክቶ የሚያዝዘው ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በአንድ ጊዜ ተውጦ ከዚህ ሁሉ ይገላግላል። ሥጋን አብስሎ መብላት ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል።

ከመተማ በኩል የሚመጣው ከርከዴ የዋህ ነው። ቀዩ ነገር የአበባው ቅጠል ሳይሆን ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ሥጋማ ሽፋን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ከርከዴ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ፣ ለ10 ደቂቃ ተከድኖ፣ ያለ ስኳር። ኮምጣጣ ስለሆነ በአሉሚኒየም ድስት አይፈላ። የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህም የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር አያዘውትረው፣ ክኒኑንም አያቁም። ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ ግን በምንም መልኩ አይጠጣም፤ ለጌጥ የሚመረት አበባ ፀረ ተባይ የተረጨበት ነው።

አደይ አበባስ? አትፈላም፣ አትወቀጥም። የምታድነው በዓይን በኩል ነው፤ ይህንንም እንደ ቀልድ ማየት አይገባም። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን አነጻጽሯል። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት፣ የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ብርቱ ማስታገሻ የፈለጉትም ያነሰ ነው። ባዶ ልምላሜ ይህን ካደረገ፣ ክረምቱ አለፈ የምትል፣ ደመራ ላይ የምትታሰር፣ ከልጅነት ጀምሮ የምናውቃት አበባ ለጎንደር ሕመምተኛ ምን ያህል እንደምትናገር መገመት አይከብድም። ዘመነ ጽጌም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አበባን ከእመቤታችን ስደት ጋር አያይዞ ያስባል፤ ሐዘንና ውበት በአንድ ማኅሌት ይቆማሉ። ያዘነ ሰው ይህ ትርጉም ይገባዋል።

እኛ ግን ሕመምተኛ ስንጠይቅ ብርቱካን እንይዛለን፤ አበባ ከያዝንም የፕላስቲክ ነው፣ አቧራ ይጠጣል። ትኩስ አበባ የሚወስድ ሰው በማለዳ ይቁረጥ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ይመልምል፣ ውኃውንም በየቀኑ ይቀይር፤ የቆየ ውኃ ባክቴሪያ ያራባል። ለዚህም ነው ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የተቃጠሉ ሰዎች ያሉበትና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሕሙማን ዘንድ አበባ የማይገባው። አስም ያለበትም አጠገብ አይቀመጥ።

ከዚያ የሚሻለው በየጤና ተቋሙ ግቢ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ አደይ መዝራት ነው። ወጪ የለውም፤ ጊዜውን ማወቅ ግን ይፈልጋል። አንዷን አደይ በመርፌ ጫፍ ፈልፍላችሁ እዩ። አንድ አበባ አይደለችም፤ የብዙ አበቦች ጉባኤ ናት። ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫ ምላሶች ዘር አይቋጥሩም፣ ንብ ይጠራሉ። ዘር የሚሆኑት መሃል የታጨቁት ደቃቆቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በመስከረም ገና ጥሬ ናቸው። በእንቁጣጣሽና በመስቀል ከነሥሯ ስንነቅላት የሚቀጥለውን ዓመት አደይ አብረን እንነቅላለን። ግንዷን በመቀስ መቁረጥ፣ ከየቦታው ሲሶውን ለዘር መተው ይበቃል።

ዘሩ ጠቁሮ ሲደርቅ ተለቅሞ በወረቀት ወይም በጨርቅ ይቀመጥ፤ በፌስታል ከታሰረ ይሻግታል። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ፣ ዝናቡ ሲያዝ፣ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ መበተንና በስሱ ማልበስ ነው። ከአንድ ሳንቲሜትር በላይ ከተቀበረ ብዙው አይወጣም። ፍግ አይብዛበት፤ ቅጠሉ ይበዛና ዝናብ ይጥለዋል። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ አደይ ሳታብብ አረም ትመስላለችና አጫጁ አብሮ ያጭዳታል። መደቡን በድንጋይ ከቦ ለጥበቃውና ለአትክልተኛው ማሳየት ያስፈልጋል።

ኅዳር 6 ቀን እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ቁስቋም የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። በዚያ ሰሞን የመንገዱ ዳር አደይ ጠውልጋ ራሷ ጠቁሯል፤ የወረቀት ከረጢት የያዘ ምእመን ሲመለስ ለአንድ ግቢ የሚበቃ ዘር ይዞ ይገባል።