ለሃርድቴይል ጠፍጣፋ ፔዳል አይበቃም
ሃርድቴይል ማለት ከኋላ አሞርዛተር የሌለው የተራራ ሳይክል ነው፤ ጠፍጣፋ ፔዳል ደግሞ ጫማ የማይቆለፍበት። ጠፍጣፋው ይበቃል የሚሉ ሰዎች «የቁልቁለት ተወዳዳሪው ሳም ሂል እንኳ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በጠፍጣፋ ፔዳል ነው» የሚሉት እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010ም አሸንፎበታል። ግን የሱ ሳይክል ከኋላም አሞርዛተር አለው። የኛ ሃርድቴይል የለውም። ከእንጦጦ ወደ አራት ኪሎ፣ ወደ ቤቴ ስወርድ፣ ድንጋይ የኋላ ጎማዬን በመታው ቁጥር እግሬ ከፔዳሉ ይነሳ ነበር። አንድ ቀን አዳልጦኝ የፔዳሉ ጥርስ ቅልጥሜን ቦጨቀው፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ጫማ የሚቆለፍበትን ፔዳል ከገጠምኩ ወዲህ እግሬ ንቅንቅ አይልም። «በሚቆለፍ ፔዳል ስትወድቅ እግርህ ታስሮ ይቀራል» የምትለው ወንድሜ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል። ኤስፒዲ የሚባለው የሺማኖ የሚቆለፍ ፔዳል የሚያጠብቅና የሚያላላ ብሎን አለው፤ በ3 ሚሊሜትር ብሩጎላ አላላው። ከዚያ ግድግዳ ተደግፈህ ተረከዝህን ወደ ውጭ እያዞርክ ማውጣቱን ተለማመድ፣ እግርህ ሳታስበው እስኪያደርገው። ክረምት ላይ ብቻ፣ ጭቃው ጫማው ሥር ያለው ብረት ላይ ሲጠቀጠቅ አልቆለፍ ይላል፤ ያኔ እኔም ጠፍጣፋውን እመልሳለሁ።