የሞተሩ መንትያ ቂሊንጦም ላይ ይሠራ

ቡልቡላ የሚኖር ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ለምዷል። ማታ ረጅም በረራዎቹ ተራ በተራ ሲነሡ የመስኮቱ መስታወት ይርገበገባል፤ የተኙ ልጆች ግን አይነቁም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያ የምንሰማው ሞተር ጭነቱን ለማንሣት አብዝቶ መድከምና መጋል አለበት።

ለማስተማሪያ የተቀመጠ ያገለገለ የተርባይን ብሌድ፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ በጋለ ጋዝ እየተገፋ የሚሽከረከር ምላጭ፣ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ከመዳፍ ያንሳል፤ ገጹ በመርፌ የተወጋ በሚመስሉ ቀዳዳዎች ተደርድሯል። የሚያልፍበት ጋዝ ብረቱ ራሱ ከሚቀልጥበት ሙቀት በላይ የጋለ ሲሆን፣ ብሌዱን የሚያድነው በእነዚያ ቀዳዳዎች እየወጣ ገላውን የሚሸፍነው ቀዝቀዝ ያለ አየር ነው። ቀዳዳው የት ይሁን፣ ምን ያህል ያዘንብል የሚለው ብረት ከመቆረጡ በፊት በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ይፈተናል፤ አየሩ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ተከፋፍሎ የእያንዳንዱ ፍጥነት፣ ግፊትና ሙቀት ይሰላል።

ሞተሩ ሥራ ከጀመረም በኋላ ስሌቱ አይቆምም። ዲጂታል መንትያ የሚባለው የሞተሩ የኮምፒውተር ሞዴል የዕለቱን የአየር ሁኔታ ተቀብሎ የጭስ መውጫው ሙቀት ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባ ይናገራል። ሴንሰሩ የለካው ከዚያ እየራቀ ከሄደ የሆነ ነገር እያለቀ ነው ማለት ነውና፣ መካኒኮች ቀጭን ካሜራ አስገብተው ውስጡን ያያሉ።

«ሞተር አንሠራም፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚሉ አሉ። አልስማማም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ድሪምላይነርን በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ኤርባስ ኤ350ን በ2016 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበ ነው። በየቀኑ ከዚህ ከፍታ የሚነሣ ሞተር እንዴት እንደሚያረጅ ከእኛ በላይ ለማወቅ የሚያስፈልገው ማን ነው? ለዚህ ፋብሪካ አያሻም። ኦፕንፎም የተባለው የፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይገኛል። እርግጥ ነው፣ መብራት ሲጠፋ የሦስት ቀን ስሌት መና ይቀራል፤ ከልኬት ጋር ያልተነጻጸረ ሲሙሌሽንም ያሸበረቀ ሥዕል ከመሆን አያልፍም።

ስለዚህ አየር መንገዱ አውሮፕላኖቹ ሲነሡ የተመዘገቡ የቆዩ የሞተር መረጃዎችን፣ ምስጢር የሆነውን ቀንሶ፣ ቂሊንጦ ላለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይስጥ። ተማሪዎቹ የጭስ መውጫውን ሙቀት ይተንብዩ፤ ከዚያም ከተለካው ጋር ያስተያዩት። ለመጀመሪያው አንድ ሞተር፣ ከቦሌ የተነሣባቸው የአንድ ዓመት በረራዎች ብቻ ይበቃሉ።