የእግረኛዋ በር ስንት ሰዓት ትዘጋ? የሚያልፉባትን ጠይቁ

ከሰፈራችን ጀርባ አንዲት ትንሽ የብረት በር አለች። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታሳልፍም። የሁለት መኖሪያ ግቢዎች የጋራ ናት። በእሷ የወጣ ሰው ዋናው መንገድ ላይ በ3 ደቂቃ ይደርሳል። እሷ ከተዘጋች ግን በመኪናው በር በኩል ዞሮ 15 ደቂቃ ግድም ይሄዳል። ለዓመታት ስለ ሰዓቷ ያወራ ሰው አልነበረም፤ ጥበቃው ሲነሳ ትከፈታለች፣ ሲመሽበት ትዘጋለች። በቅርቡ ግን ሁለት ቤት ተሰረቀና የነዋሪዎች ኮሚቴው "ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ትዘጋ" የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ።

ስብሰባው ላይ ነበርኩ። አብዛኛው ሰው እጁን አወጣ። ዙሪያዬን ሳይ እጃቸውን ካወጡት ውስጥ ብዙዎቹ በመኪና የሚገቡ ናቸው። በዚያች በር ካለፉ ወራት ሆኗቸዋል። በየቀኑ የሚያልፉባት ደግሞ አልነበሩም፤ ስብሰባው የተጠራው እነሱ ሥራ ላይ በሚሆኑበት ሰዓት ነበርና።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የእግረኛ በር ሰዓት መነሳት ያለበት በእግሩ መጨረሻ ከሚገባው ሰው ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ማነው? መጨረሻ የሚመለሰውስ? በሯ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ክፍት ትሁን። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይታሰብበት።

ይህን እንድል ያደረገኝ አንድ ምሽት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ ይሆናል፣ ቆሻሻ ልጥል ወጣሁ። በሯ ጋ ስደርስ ከብረቱ ወዲያ ሰው ቆሟል። ጎረቤታችን ናት፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው። በአንድ እጇ ብረቱን ይዛለች፣ በሌላው ከባድ ፌስታል አንጠልጥላለች፤ ፌስታሉ ጣቷን ቆርጧት ቀይ መስመር ሠርቶባታል። ከቆመችበት የቤቷ መብራት ይታያል። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። "ወንድሜ፣ ጥበቃውን ጥራልኝ እስቲ፣ ዛሬ ደግሞ ቀደም ብሎ ዘጋው" አለችኝ። ሮጥኩ። ጥበቃው ቁልፉን ይዞ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄዷል፣ ስልኩም አይነሳም። ስመለስ "ተወው በቃ፣ ልዙር" ብላ ፌስታሉን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችና አጥሩን ታክካ ወደ ጨለማው ሄደች። እኔ ከብረቱ ወዲህ ቆሜ ድምፅ ሳሰማ፣ እሷ ከወዲያ ስትመልስልኝ፣ እስክትርቅ ድረስ እንዲያ ሆንን።

ያን ምሽት የተዘጋችው በር ማንን ጠበቀች? ሌባ መጥቶ ከሆነ ያገኘው ብቻዋን በጨለማ የምትዞር ሴት ነበር።

ቁጥሩንም እንየው። ጤነኛ ጎልማሳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራመዳል፣ በደቂቃ 80 ሜትር አካባቢ ማለት ነው። የእኛ ዙር የሚጨምረው 12 ደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዘራ ለያዘ ሰው ወይም የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ሰው እጥፍ ሊሆን ይችላል። በመኪና ለሚሄድ ግን ይህ አይታወቀውም፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ነው በመኪና የሚገባ ሰው ብቻውን የእግረኛን ሰዓት መወሰን የለበትም የምለው። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ዙሩ በእግሩ ስላልደረሰበት ነው።

የስርቆቱ ስጋት እውነት ነው፣ አላጣጥለውም። የተሰረቁት ጎረቤቶቼ ናቸው። ግን ሰው የሚመላለስበት በር ራሱ ጥበቃ ነው። ስለ ከተማ ኑሮ በመጻፍ የምትታወቀው ጄን ጃኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 የመንገድን ሰላም በዋነኛነት የሚጠብቀው ፖሊስ እንዳልሆነ ጽፋ ነበር፤ የሚጠብቀው እዚያው የሚመላለሰው ሰውና ከየመስኮቱ የሚያየው ዓይን ነው ትላለች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በራችንን ብንዘጋ በዚያ ጀርባ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አንስተን ለማንም ባዶ እንተውለታለን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የሚያልፍ ሰው የለም፣ የሚያይም የለም፣ መዝጋቱ በእርግጥ ይጠቅማል። ሌሊቱን ሙሉ ትከፈት የሚሉትን አልደግፍም።

ከስርቆቱ ይልቅ ልቤን የነካው የሌላ ሰው ቅሬታ ነው። ከበሯ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉን፣ አባባ ነው የምንላቸው። ስብሰባው ላይ አጥብቀው ዝጉልኝ ያሉት እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። "እስቲ እዚህ ቁጭ በል" ብለው መኝታ ክፍላቸው ውስጥ አስቀመጡኝ። ዝም ብለን ቁጭ አልን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ገባና በሯን ለቀቃት። ቋ! የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ኮመዲኖው ላይ ያለው የመድኃኒት ብልቃጥም አብሮ ተንጫጫ። ከዚያ ሌላ ሰው። ቋ! "ልጄ፣ ሰው አይግባ አላልኩም። ቀስ ብሎ ይዘጋልኝ ነው የምለው" አሉኝ።

እንግዲህ ለዚህ መፍትሔው ሰዓት ማሳጠር አይደለም። ማጠፊያዋ ዘይት ይቀባ። ብረቱ የሚጋጭበት ቦታ ላይ ጎማ ይለጠፍ። ቢቻል ደግሞ በሩን ቀስ አድርጎ የሚመልሰው፣ ውስጡ ዘይት ያለው መዝጊያ ይገጠምላት፤ ቢሮዎች በር ላይ የምናየው ዓይነት። ይህን ሁሉ አንድ ብረት ሠራተኛ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። የእሳቸው እንቅልፍ እስካሁን ከሌሎች ሰዎች መግቢያ ጋር የተጣላው ሁለቱን ለይቶ ያየ ሰው ስላልነበረ ብቻ ነው።

ሰንሰለትና ቁልፍ የሚለውን ሐሳብ ግን በፍጹም አልቀበልም። በሯ ስትቆለፍም ከውስጥ ያለ ሰው ያለ ቁልፍ መክፈት መቻል አለበት። እሳት ቢነሳ በጨለማ ቁልፍ የሚፈልግ ማነው? የኤሌክትሪክ ቁልፍ ይግባ ለሚሉትም ጥያቄ አለኝ። መብራት ሲጠፋ የሚከፈት አለ፣ መብራት ሲጠፋ እንደተቆለፈ የሚቀር አለ፤ የትኛው ነው የሚገዛው? የትኛውም ይሁን፣ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት እጀታ ከሌለው አይገጠም። ልቡ ቀጥ ያለ ሰው የደረት ግፊትም የኤሌክትሪክ ንዝረትም ሳያገኝ በሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ረጂው የሚደርሰው በእግሩ በጀርባ በኩል ከሆነ የእኛ 12 ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ነው።

ከሰዓቱ በኋላ ማን ቁልፍ ይያዝ? ስብሰባው ላይ "ለባለ ቤቶች ብቻ" ያለ ሰው ነበር። ተከራዩስ? ሰው ቤት የምትሠራዋስ? ማታ የምትገባው እኮ እሷ ናት። እዚህ የሚያድር ሰው ሁሉ ይያዝ። ካርድ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቤት የየራሱ ይሰጠው፣ የጠፋው ብቻ ይሰረዛል። ሁሉም የሚያውቀው አንድ የሚስጥር ቁጥር ግን በወሩ የሰፈር ሁሉ ቁጥር ይሆናል።

ሰዓቱ የትኛውም ይሁን ይከበር። በሩ ተከፍቶ ይሆን ተዘግቶ ይሆን እያሉ መምጣት ሁልጊዜ ተዘግቶ ከመኖር ይብሳል። ሁልጊዜ የሚዘጋ ከሆነ ሰው ከመነሻው ሌላ መንገድ ይይዛል። ያቺ ጎረቤቴ በሯ ድረስ የመጣችው ክፍት ናት ብላ ነው። ማስታወቂያውም በሯ ላይ ብቻ ተለጥፎ አይበቃም፣ መንገዱ የሚገነጠልበት ጥግ ላይም ይለጠፍ፣ ሰው ሙሉውን መንገድ ከሄደ በኋላ ቢያነበው ምን ያደርግለታል? ጥበቃው በታመመ ቀን የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነም ከአሁኑ ይታወቅ።

በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሕግ አለ። የአካባቢ ምክር ቤት የሕዝብ መተላለፊያን በበር ከመዝጋቱ በፊት ውሳኔው የሚነካቸውን ሰዎች ማሳወቅና ሐሳባቸውን መስማት አለበት። ሌላ አመቺ መንገድ መኖሩንም ያያል። ትዕዛዙ ካልታደሰ ከ3 ዓመት በላይ አይጸናም። የእኛ በር የግቢ በር ናት፣ ያ ሕግ አይመለከታትም። ግን መጠየቁንና ማደሱን ብንወስድ ምን ይጎዳናል? እኔ 3 ዓመት አልልም፣ 3 ወር ይበቃል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ክፍት ትሁን፣ ከዚያ በካርድ። ከ3 ወር በኋላ ተቀምጠን እንየው። የተሰረቁትም ይናገሩ፣ አባባም ይናገሩ። ቁጥሩ የተሳሳተ ከሆነ እቀይራለሁ።

ለኮሚቴው ይህንኑ ጽፌያለሁ። የሚቀጥለው ስብሰባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እዚያው በሯ አጠገብ እንዲሆንም ጠይቄያለሁ፤ የሚገባ ሰው እየገባ ይሰማል፣ የሚናገረው ካለም ቆሞ ይናገራል። ጥበቃው እስከዚያ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ሰው እንዳለፈ በመስመር ሊመዘግብልን ተስማምቷል። ደብተሩን ትናንት ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ።