የፖንደሮሳ ወንደላጤዎች

ሰሞኑን የድሮውን የአሜሪካ የካውቦይ ድራማ «ቦናንዛ»ን እንደ አዲስ ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ካርታው ይመጣል፣ መሀሉ ላይ እሳት ይነሳበታል፣ ከዚያ ፈረሰኞቹ እየጋለቡ ከች ይላሉ። ሙዚቃውን አንዴ የሰማ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲያንጎራጉረው ይከርማል።

ታሪኩን ለማታውቁት፦ ቤን ካርትራይት የሚባል የናጠጠ ባለርስት፣ ኔቫዳ ውስጥ፣ ታሆ ሐይቅ አጠገብ ፖንደሮሳ የተባለ የከብት እርባታ አለው። ስፋቱ ሺህ ስኩዌር ማይል ገደማ ነው ይባልለታል። አምስት አዲስ አበባ ማለት ነው። ሦስት ወንዶች ልጆችም አሉት፤ አዳም፣ ሆስና ትንሹ ጆ። ትንሹስ ይሁን፣ ልጅ ነው። ሁለቱ ትልልቆቹ ግን ፊታቸው ሠላሳን እንደተሻገሩ ይመሰክራል። ታዲያ ማንም ከአባቱ ቤት ንቅንቅ አይልም። ማንም አያገባም። ማታ ማታ አራት ወንዶች ጠረጴዛ ይከባሉ፣ ቻይናዊው ወጥ ቤት ሆፕ ሲንግ ያቀርባል፣ እነሱ ይበላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1973፣ 431 ክፍል ከሞላ ጎደል እንዲሁ አለቀ።

ፍቅር ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። በሽ ነው! ችግሩ ካርትራይት የወደዳት ሴት አትከርምም። ወይ ጥይት ይመታታል፣ ወይ በሽታ ይጥላታል፣ ዕድለኛ ከሆነች ደግሞ ሐሳቧን ቀይራ በጊዜ ትሄዳለች። አባትየውም ያው ነው። የአዳም እናት በወሊድ ሞተች፣ የሆስ እናት በቀስት ተወግታ፣ የጆ እናት ከፈረስ ወድቃ። እኛ ዘንድ ቢሆን ይህ ቤት ሽማግሌ ሲልክ ውሻው ሳይቀር ያባርራቸው ነበር። የአቅራቢያቸው ከተማ የቨርጂኒያ ሲቲ ወላጆች ግን የሚጠይቁ ጎረቤት የላቸውም መሰለኝ፣ ሴት ልጃቸውን ሸልመው ይልካሉ።

ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። አንዱ ካገባ ጎጆ ይወጣል፤ ጎጆ ከወጣ ድራማው አለቀ።

አባትየውን የሚሠራው ሎርን ግሪን ካናዳዊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በካናዳ ሬዲዮ ዜና ያነብ ነበር። ያን የጦር ሜዳ ወሬ በዚያ ከባድ ድምፁ ሲያወርደው አድማጭ «የመርዶ ድምፅ» የሚል ስም አወጣለት። ዜና አንባቢ ስንት ሴኮንድ እንደቀረው እንዲያይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓትም ፈልስፏል። ለፖንደሮሳ ሙሽሮች አንዳንድ ቢታደል ምን ነበረበት?

በልደት ካርድ ከሄድን ግሪን አዳምንና ሆስን ከሚሠሩት ተዋንያን የሚበልጠው በ13 ዓመት ብቻ ነው። በ13 ዓመቱ፣ ከሁለት ሚስት፣ ሁለት ልጅ! ግን ያ ድምፅ አንዴ «ጆሴፍ!» ብሎ ሲያስገመግም የልደት ካርድ የሚጠይቅ ወንድ የለም። እኔ ራሱ ሶፋው ላይ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ።

ሆስን የሚሠራው ዳን ብሎከር በእውነተኛው ሕይወቱ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበር። ለሆስም እ.ኤ.አ. በ1972 በስንት መከራ የሠርግ ታሪክ ተጻፈለት። ብሎከር ግን ቀረጻው ሳይጀመር በግንቦት ወር አረፈ። ሙሽራዋ ለትንሹ ጆ ተዛወረች። እሷም በዚያው ክፍል ተገደለች። እዚህ ላይ መሳቅ ያቅታል።

ለነገሩ ይሄን ሁሉ የማየው ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ከመጣችው አክስቴ ጋር ነው። እንግሊዝኛ አትሰማም፣ ግን አንድም ነገር አያመልጣትም። አንዲት ቆንጆ ከሠረገላ ስትወርድ ገና እግሯ መሬት ሳይነካ «ውይ፣ የሰው ልጅ! አለቀላት» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። «ምን ዓይነት ቤት ነው? ጠበል የለም እንዴ አገሩ?»

ልብሳቸውም አልተዋጠላትም። ሆስ ሁሌ ያው ነጭ ሸሚዝ፣ ያው ረጅም ባርኔጣ። ጆ ሁሌ ያቺው አረንጓዴ ጃኬት። «ያን ሁሉ መሬት ይዘው ቅያሪ የላቸውም?» አለችኝ። ልብሱ ካልተቀየረ የድሮውን የፈረስ ግልቢያ ቆርጦ አዲሱ ክፍል ላይ መቀጠል እንደሚቻል፣ ወጪ እንደሚቆጥብ አስረዳኋት። ጣቢያው ደግሞ የባለ ቀለም ቴሌቪዥን አምራቹ የአርሲኤ ንብረት ስለነበር ድራማው ለዕቃው ማሻሻጫም እንደሆነ ጨመርኩላት። «ቀለም ሊሸጡ አንድ ቀለም ለብሰው?» ብላ ዘጋችኝ።

ትናንት አንዷን ቀብረን ስንጨርስ እኔ ሳቄ መጣ። «እነዚህ ሰዎች አርጅተው በአባታቸው ቤት ሊቀሩ ነው» አልኩ።

አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ዞረች።

«እነሱስ እየሞቱባቸው ነው ልጄ። ያንተ የቷ ሞተችብህ?»