የሚኒ ሚዲያው በር ይከፈት

ሐዋሳ ውስጥ ያለ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክፍሉን፣ ማለትም የተማሪዎች ክበብ በዕረፍት ሰዓት ዜና የሚያነብበትን ክፍል፣ ቆልፎታል። አምፕሊፋየሩና ማይኩ ግምጃ ቤት ገብተዋል፤ ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ የሚሰማው የአስተዳደሩ ማስታወቂያ ብቻ ሆኗል። ለወላጆች የተነገረው ምክንያት «ተማሪው ጊዜውን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ያውል» የሚል ነው።

ይህ ምክንያት ውሃ አይቋጥርም። በአገር አቀፉ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ይህን ሁሉ ልጅ የጣለው በዕረፍት ሰዓት የሚነበብ ዜና ነው? ክበብ ዘግቶ ውጤቱ የተሻሻለለት ትምህርት ቤት ካለ ይነገረን።

ጊዜ ማባከን ነው የሚሉት ዜና ሲሠራ ያላዩ ናቸው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «መጸዳጃ ቤቱ ውሃ የለውም» ብላ መጣች እንበል። ደህና የክበቡ ተጠሪ መምህር መጀመሪያ የሚጠይቃት «ቆጠርሽ ወይ?» ብሎ ነው። ትሄዳለች፤ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች፤ ከስምንቱ ሦስቱ ብቻ እንደሚሠሩ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ጠዋት የነበረ ውሃ ከሰዓት ሊጠፋ ስለሚችል ቀኑንና ሰዓቱንም ታሰፍራለች። ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋንና ምክትል ርዕሰ መምህሩን ትጠይቃለች። አንዱ ታንከሩ ነው ይላል፣ ሌላዋ መስመሩ፣ ሦስተኛው በጀት። ማን አይቶ፣ ማን ሰምቶ እንደሚናገር መለየት አለባት። «ውሃ የለም» ያለችው ልጅ «ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ ከስምንት ቧንቧ አምስቱ አይሠሩም» ብላ ትጽፋለች። ለሁለት ደቂቃ ንባብ 200 ቃል ገደማ ይበቃልና ትርፉን ትሰርዛለች። ቀጥሎ በሲዳሙ አፎ ለሚያነበው ጓደኛዋ ታስረዳለች፤ ራሷ በደንብ ያልገባት ነገር ካለ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ምንባብ አንብቦ ፍሬ ነገሩን ማውጣት ላቃተው ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምን ልምምድ አለ? በማጠናከሪያ ትምህርት ስም የድሮ ፈተና መልስ ማስሸምደድ ነው?

«ልጆች ስህተት ያሰራጫሉ» የሚሉም አሉ። አዎ፣ ይሳሳታሉ። መፍትሔው ግን ይታወቃል፤ ጽሑፉን ሌላ ተማሪና ተጠሪ መምህሩ አስቀድመው ያዩታል፣ ያመለጠው ስህተት በቀጣዩ ፕሮግራም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ማይክ ይታረማል። መምህሩ የሚያርመው ግን ያልተጣራውን እንጂ አስተዳደሩን የሚከነክነውን አይደለም። እነዚሁ ልጆች ቤታቸው ሲገቡ ያገኙትን ሁሉ በቴሌግራም ይቀባበላሉ። የተቆለፈው ወሬ ማጣራት የሚማሩበት ክፍል ነው! ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 13 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን የሚሰጠው ለሕፃኑ ለራሱ ነው፤ ርዕሰ መምህር ሲፈቅድ የሚሰጥ፣ ሲከፋው የሚነጠቅ ችሮታ አይደለም።

የዕቃ ወጪም ሰበብ አይሆንም። ቶሎ የሚበላሸው የማይኩ ገመድ ነው፤ እሱም መሰኪያው ሥር ይበጠሳል፣ በብየዳ ይጠገናል። ማይኩ ወደ ድምፅ ማጉያው ካልዞረ ብዙም አይጮኽም። መብራት ሲሄድ አምፕሊፋየሩን ወዲያው በማብሪያ ማጥፊያው ካጠፉት፣ ኃይሉ ተመልሶ ሲመጣ አያቃጥለውም። ይህን የ9ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል።

ቁልፉ ለክበቡ ይመለስ። ተጠሪ መምህሩም ይህን ሥራ በትርፍ ጊዜው እንዲሸከም መተው የለበትም፤ ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ሁለቱ ይቀነሱለት። ሰኞ በዕረፍት ሰዓት የሚነበበው የመጀመሪያ ዜና የቧንቧዎቹ ቆጠራ ይሁን፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩም እዚያው ማይክ ላይ ቀርበው መልስ ይስጡ።