ደጋፊ ባለጉዳይ አይደለም?

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደ በኋላ እንደ ሁልጊዜው «ምን ይደረጋል» ብዬ እተወዋለሁና። የደብዳቤው ጉዳይ ነው። አዎ፣ ያው ደብዳቤ። የከተማችን እግር ኳስ ቡድን ሌላ ከተማ ለሚጫወተው ሁለተኛ ዙር ደጋፊ ይዘን እንድንሄድ፣ አውቶቡስ ለመከራየት የጠየቅነው፤ «ሰኞ ተመለሱ»፣ «ኃላፊው መስክ ወጥተዋል»፣ «ማኅተሙ ተቆልፎበታል» እየተባለ ሲንከባለል የከረመው የትብብር ደብዳቤ። ሁለት መስመር ጽሑፍና አንድ ማኅተም!

ዛሬ ጠዋት ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ጥበቃው ቀበቶዬን አስፈትቶ ኪሴን ካስገለበጠ በኋላ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ። ስብሰባ አልነበሩም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ወጣት ሠራተኛ ብቻውን ተቀምጦ የአርሰናል አርማ ካለበት ኩባያ ሻይ ይጠጣል። ግድግዳው ላይ የእኛ ቡድን ፎቶ የለም። የዓመቱ የሥራ ዕቅድ ሠንጠረዥ ግን ተለጥፏል፤ «ስፖርት ልማት» በሚለው ረድፍ ትይዩ «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ተብሎ ተሞልቷል። የተባባልነውን እንዳለ ላስቀምጠው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

«ምን ነበር?»

«ደብዳቤ ጠይቀን ነበር። የእግር ኳስ ቡድናችንን በተመለከተ።»

«ተጫዋች ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ደመወዝ ቀርቶብህ ነው? የአሠልጣኞች ጉዳይ እዚህ አይታይም።»

«አሠልጣኝም አይደለሁም። ደጋፊ ነኝ።»

ኩባያውን አስቀመጠ። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ደጋፊ?»

«አዎ። የደጋፊ ማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ።»

«እኛ የምናስተናግደው ባለጉዳይ ነው። ደጋፊ ባለጉዳይ አይደለም።»

«ታዲያ ቡድኑ የማን ነው? ማልያው ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?»

«የከተማ አስተዳደሩ።»

የከተማ አስተዳደሩ! ከታናሽ ወንድሜ የሚያንስ ልጅ «አንተ» እያለ፣ ተወልጄ ያደግኩባትን ከተማ ስም የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት አድርጎ ነገረኝ። ይህንንም በዝምታ እውጥ ነበር፤ ልወጣ ስል ግን ከኋላዬ ጠራኝና ምን ብሎ ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው? «ለመሆኑ ቡድኑ አሁን የት ነው ያለው?» የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ቡድኑ የት እንዳለ እኔን ጠየቀኝ! እኔ፣ ባለጉዳይ ያልሆንኩት ሰው፣ የት እንዳሉ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ግራ ተመላላሹ ጉልበቱን ታሞ እንደተቀመጠና ወጌሻው በራሱ ገንዘብ ፋሻ እንደገዛ ነገርኩት። «ይገርማል» አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የልጁ አነጋገር ብቻ አይደለም። ልጁ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው። ቡድኑን በእርግጥ ከእጃችን አውጥተውታል። ከኮቪድ ወዲህ የራሳችንን ቡድን በራሳችን ሜዳ አይተን አናውቅም። እኛ የምንጫወትበት፣ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ከፍተኛ ሊግ ቡድኖችን በየምድባቸው አንድ ከተማ ላይ እየሰበሰበ ማጫወት ሲጀምር ምክንያቱ ወረርሽኙ ነበር፤ እሺ አልን፣ የሰው ሕይወት ይቀድማል። ወረርሽኙ አለፈ። ከዚያ ወጪ ተባለ፣ ጸጥታ ተባለ፣ የሜዳ ጥራት ተባለ። ምክንያቱ ይቀያየራል እንጂ ቡድኑ አይመለስም። ልጁን ሌላ ሰው ዘንድ እያሳደጉበት ፎቶግራፉን ብቻ እንደሚልኩለት አባት ሆነናል። በገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከበሮ እየተመታ ሕዝቡ ወደ ሜዳ የሚተምበትን ጊዜ የዛሬ ታዳጊዎች አያውቁትም። የሰፈራችን ልጆች «ቡድናችን ተሰዷል፣ ፓስፖርት ይውጣለት» እያሉ ይቀልዳሉ። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ስቄ ነበር።

ደግሞ ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባን የከበቡትን ከተሞች ተመልከቱ። ሰበታ ከተማ በ2011 ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ የ2012 ውድድር በኮቪድ ተሰረዘ፤ በ2013 እና በ2014 ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲዞር ሰበታ ላይ አንድም ቀን አላረፈም፤ ከዚያ ቡድኑ ከጅማ አባ ጅፋርና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ። ለገጣፎ ለገዳዲ የባሰ ነው። በ2015 ትልቁ ሊግ ውስጥ ገባ፣ በዚያው ዓመት ወረደ፣ የለገጣፎ ሕዝብ በገዛ ከተማው ሜዳ አንድ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሳያይ! አስቡት እስቲ፤ ከተማችሁ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከኢትዮጵያ ቡና ጋር ተሰልፋ ስትጫወት፣ ያንን ለማየት ወይ አዳማና ባሕር ዳር ድረስ መሄድ፣ ወይ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት መለመን አለባችሁ።

የዲኤስቲቪ ቤቱን ነገር ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። በዚያ ዓመት የለገጣፎን ጨዋታ ለማየት አንድ ቤት ገባን። የእኛ ባይሆንም የጎረቤታችን ቡድን ነው፣ የሰፈራችን ልጅ የሆነ ተጫዋችም ነበረው። ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሦስት ሰዎች የትናንቱን የማንቸስተር ጨዋታ ድጋሚ ያያሉ። ባለቤቱን «እባክህ የአገር ውስጡን ክፈትልን፣ ሻይም ለስላሳም እንጠጣለን» አልነው። «ደንበኞቼን አታባርሩብኝ» አለን። ያየውን፣ ውጤቱን የሚያውቀውን ጨዋታ ትቶ የጎረቤት ልጆችን ለማየት አልፈቀደም። ባለቤቱን እንኳ አልፈርድበትም፤ የአገሩ ኳስ እንዲህ ከዓይን ሲርቅበት ሰው ምን ይውደድ?

ብሔራዊ ቡድኑ ያለ ሜዳ ሲቀር አገር አልቅሷል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችንን «ደረጃ አያሟሉም» ካለ በኋላ በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ባለሜዳ የተባልነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር። ያን ዕለት ጋዜጠኛው፣ ባለሥልጣኑ፣ ሁሉም «ይህ ድል አገራችን ላይ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ተቆጨ። ልክ ነበሩ፤ እኔም ተቆጭቻለሁ። ግን ያ ቁጭት የእኛ የየሳምንቱ ኑሮ ነው። ለእኛ ሲሆን ለምን «የውድድር አደረጃጀት» ይባላል?

የእኛ ዓይነት ከተማ ውስጥ ያልኖረ ሰው ቡድን ምን እንደሆነ አይገባውም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተን ታክሲ ተሰልፈን አዲስ አበባ እንገባለን፤ ማታ ሲመሽ እንመለሳለን፤ ውኃ በፈረቃ የምትመጣበት ሌሊት ከሆነ ጄሪካን ስንሞላ እናነጋለን። ሰው «የት ነው የምትኖረው?» ሲለን ግማሻችን «አዲስ አበባ» ብለን እንገላገላለን። ልጆቻችን የሚማሩት እዚያ፣ የምንታከመው እዚያ፣ የምንገበያየው እዚያ። በ2015 እነ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የየከተማው ስም በማኅተም ላይ ሳይቀር ተቀየረ። ታዲያ የከተማዋን ስም ሰው አፉን ሞልቶ የሚጠራበት የቀረ ቦታ ቢኖር የኳስ ሜዳ ነበር። ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ አማርኛ ተናጋሪው፣ ጉራጌው፣ ትናንት ኮንዶሚኒየም ደርሶት የመጣው፣ አያቱ እዚያ የተቀበሩት፣ ሁሉም አንድ ላይ «የእኛ» የሚለው ሌላ ምን አለ? ካለ ንገሩኝ።

ሜዳችንን ደግሞ እዩት። ከጎሉ ጀርባ የግንባታ ጠጠር ተራግፎበታል፤ የመኪናው ጎማ የቆፈረው ቦይ የማዕዘን ምት መምቻውን አቋርጦ ያልፋል። የግራው ቋሚ ከታች ዝጎ ስለተበላ ልጆቹ በሽቦና በተሰነጠቀ እንጨት አስረውታል፤ ኳስ ሲመታው ይወዛወዛል። አግዳሚው ላይ ሰው ብርድ ልብስ ያሰጣል። በዚህ ሜዳ ላይ ነው እነዚያ ታዳጊዎች ከትምህርት በፊት ጎህ ሲቀድ የሚለማመዱት፤ ግማሾቹ በታኬታ፣ ግማሾቹ በላስቲክ ጫማ። አሠልጣኛቸው በነጻ ነው የሚሠራው። ከእነሱ መካከል ስንቱ ዋናው ቡድን ገባ? አትጠይቁኝ። በየክረምቱ ውል ያለቀበት ሁሉ ይበተናል፤ ደላላ ከየአቅጣጫው ያመጣቸው ልጆች ይፈርማሉ፤ ከተማዋን ሳያውቋት አንድ ሆቴል ገብተው፣ ሌላ ከተማ ሄደው፣ ተጫውተው ይለያያሉ። በእነዚያ ልጆች አልፈርድም፤ እንጀራቸው ነው፣ እሱንም በጊዜው አያገኙትም። የክለብ ደመወዝ አልተከፈለም የሚል ዜና የማይሰማበት የውድድር ዓመት አለ? እንዲያውም የሚያሳዝኑኝ እነሱ ናቸው፤ ለማን እንደሚጫወቱ ሳያውቁ ባዶ መቀመጫ ፊት ይሮጣሉ።

ገንዘቡ የሚመጣው ከከተማው በጀት ነው። አስተዳደሩ ሲያስደስተው ይመድባል፣ ኃላፊ ሲቀየር ያጥፋል። ከደብረ ዘይት መንገድ ጀምሮ እስከ ሰበታ ድረስ፣ ዱከምን፣ ገላንን ጨምሮ፣ ፋብሪካ ተሰልፎ ቆሟል፤ ስንቱ ነው የአካባቢውን ቡድን ማልያ አሠርቶ የሚያውቀው? ግን ማን ሄዶ ጠየቃቸው? እኛ እንጠይቅ ስንል «ማኅበሩ ገንዘብ የመሰብሰብ ፈቃድ የለውም» ተባልን። እነሱም አይጠይቁም፣ እኛንም አያስጠይቁም። ለቲኬት የሚከፍል፣ ማልያ የሚገዛ፣ በዝናብ ቆሞ የሚዘምር ሕዝብ ያላቸው ብቸኛ ሀብት ነው፤ እሱን ነው «ባለጉዳይ አይደለህም» ብለው ከቢሮ የሚመልሱት።

ባለፈው ዓመት በራሳችን መዋጮ የሄድነውንስ? ሌሊት ተጉዘን፣ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ እንቅልፍ ሳይኖረን ስንደርስ ጨዋታው ከከሰዓት ወደ ጠዋት ተዛውሯል። ማንም አልነገረንም። የደረስነው ሁለተኛው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ነው። የበሩ ጠባቂ «የማን ደጋፊዎች ናችሁ?» አለን፤ ስንነግረው «እንዲህ የሚባል ቡድን አለ እንዴ?» ብሎ ጓደኛውን ጠየቀ። ቡድኑ ከጀርባው ሜዳ ውስጥ እየተጫወተ ነበር! ጋሼ፣ የምታውቋቸው ከበሮ መቺያችን፣ ምንም ሳይሉ ጥግ ሄደው ቆሙ። በመልስ ጉዞ «ከእንግዲህ እኔን አትጥሩኝ» አሉ። ለዘንድሮው ግን ደብዳቤው አልቆ እንደሆነ በየቀኑ የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ምን ብዬ ልንገራቸው? ደጋፊ ባለጉዳይ አይደለም ተብያለሁ ልበላቸው? ሽማግሌውን?

የምንጠይቀው ሰማይ አይደለም። ዋንጫ አምጡ አላልንም፣ ወደ ላይኛው ሊግ አሳድጉን አላልንም። ጠጠሩን አንሱ። ቋሚውን በየዱት። ቢያንስ የአንደኛውን ዙር ግማሽ እዚህ የምንጫወትበትን መንገድ ከፌዴሬሽኑ ጋር ተነጋገሩ፤ ሌላው ቢቀር በክረምት የወዳጅነት ጨዋታ እዚህ አድርጉና ልጆቹ ቡድናቸውን በዓይናቸው ይዩ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ ደብዳቤዋን ጻፉልን፣ በራሳችን ገንዘብ እንሄዳለን። ለዚህም እምቢ ካሉ እኔ በበኩሌ የማውቀው ነገር አልቆብኛል። ማመልከቻ መጻፍ ሰልችቶኛል፤ በእያንዳንዱ ላይ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» እያልኩ።

ነገ ግን እንደገና እሄዳለሁ፤ ያ ልጅ ከሌለ ሌላ ሰው አገኝ ይሆናል። ማኅበርተኞች፣ ሥራ የሌላችሁ አብራችሁኝ ኑ፤ በርከት ብለን ከገባን ቢያንስ ስማችንን ይመዘግባሉ።

ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጫወታሉ። በቴሌቪዥን አይተላለፍም፣ በሬዲዮም አይዘገብም። የወጌሻችንን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። በዚያ ከተማ ዘመድ ወይም ጓደኛ ያላችሁ፣ ስታዲየም ገብቶ ውጤቱን እንዲነግረን ለምኑልን፤ ግብ ካገባን ያገባው ማን እንደሆነም ጭምር ጻፉልን። ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።